የማይቀላቀሉ ፈሳሾችን ፍሰት በኮምፒውተር ማስላት፦ ከቆመች ጠብታ ጀምሩ

ወደ ብዙ ፈሳሽ ሲሙሌሽን አዲስ የሚገባ ሰው ሶፍትዌሩን በጫነ ማግስት ሙሉ ችግሩን ያስገባበታል። ሦስት ፈሳሽ፣ ጠመዝማዛ ቧንቧ፣ የሚሽከረከር ማማሰያ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ውጤቱን በሥዕል በሚያሳየው ሶፍትዌር፣ በፓራቪው፣ ላይ ቀዩና ሰማያዊው ተውቦ ይወጣል፤ ማማሩ ግን ለትክክለኛነቱ ምስክር አይሆንም። አብረውኝ የሚሠሩ ጀማሪዎች እንደሚያውቁት እኔ ጋ ደንቡ የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ የሚሰላው ምንም እንቅስቃሴ የሌለበት ነገር ነው። የቆመን ነገር እንደቆመ ማቆየት ያቃተው ሲሙሌሽን ስለሚንቀሳቀሰው የሚነግረንን አላምነውም።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ዲያሜትሯ 4 ሚሊሜትር የሆነች የሄክሳዴኬን (የዘይት ዓይነት ነው) ጠብታ ውሃ ውስጥ ተለቃ ወደ ላይ ትወጣለች፤ በመጨረሻም የውሃው ገጽ ላይ ደርሳ ከአየር ጋር ትገናኛለች። ሄክሳዴኬንን የመረጥኩት አንድ ዓይነት ሞለኪውል ብቻ ስለሆነና ባሕርዩ በየመጽሐፉ ስለሚገኝ ነው። «ዘይት» ብቻ ብሎ መጀመር ለጭቅጭቅ ይዳርጋል፤ የየትኛው ዘይት፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት፣ ምን የተጨመረበት?

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እፍግታው 998 ኪሎግራም በኪዩቢክ ሜትር፣ ዝልግልግነቱ ወደ 0.001 ፓስካል ሰከንድ ነው። ሄክሳዴኬን እፍግታው 773፣ ዝልግልግነቱ የውሃውን ሦስት እጥፍ ገደማ። በሁለቱ ድንበር ላይ ያለው የገጽ ውጥረት 0.053 ኒውተን በሜትር አካባቢ ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች ብቻ ሶፍትዌር ሳይከፈት ብዙ ነገር ይታወቃል።

የኤትቮሽ ቁጥርን አስሉ፤ የእፍግታ ልዩነቱን በስበት ፍጥንጥነትና በዲያሜትሩ ስኩዌር አባዙና ለገጽ ውጥረቱ አካፍሉ። ለእኛ ጠብታ 0.67 ይመጣል። ከአንድ በታች ነው፤ ስለዚህ ስበት ጠብታዋን ሊያጠፈጥፋት ቢሞክርም የገጽ ውጥረቱ ያሸንፋል፣ ጠብታዋም ክብ ለመሆን የቀረበች ሆና ትወጣለች። ሲሙሌሽኑ እንደ ሳህን የተዘረጋች ወይም የተቦጫጨቀች ጠብታ ካሳያችሁ አዲስ ፊዚክስ አግኝተናል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ያስገባችሁትን ፋይል እንደገና አንብቡ።

ቀጥሎ ፍጥነቷን ገምቱ። ወደ ላይ የሚገፋትን ኃይል ከውሃው መጎተት ጋር ስታስተካክሉት በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ያህል ይሰጣችኋል፤ የሬይኖልድስ ቁጥሩም (የፍሰቱ ግስጋሴ ከዝልግልግነቱ ጋር ሲነጻጸር) ወደ 500 ይጠጋል። ይህን ግምት ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉት፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

ሦስተኛው ስሌት ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ የጊዜ እርምጃ፣ ማለትም ስሌቱ በአንድ ጊዜ ወደፊት የሚሄድበት የጊዜ መጠን። ሁሉም የኩራንት ቁጥርን ያውቃል፤ ፈሳሹ በአንድ እርምጃ ከአንድ ሴል (ቦታው ከተከፋፈለባቸው ትንንሽ ክፍሎች አንዱ) በላይ አይሂድ የሚለውን። የገጽ ውጥረት ግን የራሱ ሕግ አለው። በድንበሩ ላይ የሚሮጡ ጥቃቅን የካፒላሪ ሞገዶች አሉ፤ እርምጃው እነሱን ካልተከተለ ስሌቱ ይፈነዳል። ብራክቢል፣ ኮቴና ዜማክ በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ ያስቀመጡት ገደብ ይህ ነው፦ የሁለቱን እፍግታ ደምሩ፣ በሴሉ ስፋት ኪዩብ አባዙ፣ ለአራት ፓይ ሲግማ አካፍሉ (ሲግማ የገጽ ውጥረቱ ነው)፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ። በጠብታዋ ዲያሜትር ላይ 20 ሴል ብናሰልፍ የአንዱ ሴል ስፋት 0.2 ሚሊሜትር ነው፤ ገደቡም 0.00015 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። በኩራንት ቁጥር 0.3 ብቻ ብንመራ ግን ወደ 0.0004 ሰከንድ ይፈቀድልን ነበር። እዚህ አገር የሚገዛው የገጽ ውጥረቱ እንጂ ፍጥነቱ አይደለም ማለት ነው። ሴሉን በግማሽ ስትቀንሱ ገደቡ 2.8 ጊዜ ይጠባል፤ በሦስት አቅጣጫ ደግሞ የሴሉ ብዛት ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ሜሹን፣ ማለትም የሴሎቹን መረብ፣ አንድ ጊዜ ማጥራት ወደ 23 እጥፍ የኮምፒውተር ሰዓት ያስከፍላል። ኮምፒውተር ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ለኃላፊያችሁ ንገሩት።

የትኛው ዘዴ?

እዚህ ላይ ረጅም ክርክር አለ፤ የኔ አቋም አጭር ነው፦ ሌላ ለመምረጥ በቂ ምክንያት እስክታገኙ በቪኦኤፍ (ቮልዩም ኦፍ ፍሉይድ) ጀምሩ። ሂርትና ኒኮልስ በ1981 ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። በየሴሉ አልፋ የሚባል ቁጥር ይያዛል፤ ሴሉ በሙሉ ውሃ ከሆነ 1፣ በሙሉ ዘይት ከሆነ 0፣ ድንበሩ የሚያልፍበት ከሆነ በመካከል ያለ ድርሻ። ትልቁ ጥቅሙ የፈሳሹ መጠን አለመጥፋቱ ነው። ኦሸርና ሴቲያን በ1988 ያቀረቡት የሌቭል ሴት ዘዴ ድንበሩን ለስላሳ አድርጎ ይይዛል፣ የድንበሩን ጉብጠት፣ ማለትም ምን ያህል እንደታጠፈ፣ ለማስላትም ይመቻል፤ ነገር ግን ካልተጠነቀቃችሁለት ጠብታችሁ ቀስ እያለች ትሰልላለች። የፌዝ ፊልድ ዘዴ ውብ ቴርሞዳይናሚክስ አለው፤ ትንንሽ ጠብታዎች ግን ወደ ዙሪያቸው ሟሙተው ሊጠፉ ይችላሉ። ላቲስ ቦልዝማን ለተቦረቦረ ድንጋይ ውስጥ ፍሰት ሁነኛ ነው፤ ሆኖም በ1993 የሻንና የቼን ሞዴል በመጀመሪያ ቅርጹ እንደ ውሃና አየር ላለ አንድ ሺህ እጥፍ የእፍግታ ልዩነት አይመችም።

ከሶፍትዌር ኦፕንፎም ውስጥ ያለው ኢንተርፎም ነፃ ነው፣ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፣ ስለዚህ ስትቸገሩ የሚጠየቅ አይጠፋም። የገጽ ውጥረት ሁሉን የሚገዛበት ችግር ካላችሁ ግን ባሲሊስክን ሳትሞክሩ አትለፉ፤ ጉብጠትን የሚያሰላበት መንገድ በጣም የተሻለ ነው። ምክንያቱን አሁን እንየው፤ የዚህ ሥራ ቋጠሮ ያለው እዚያ ነው።

አልፋን ከሴል ወደ ሴል ማጓጓዝ ዛሬ የተፈታ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። አስቸጋሪው የገጽ ውጥረቱ ነው። ኃይሉ ውፍረት በሌለው ገጽ ላይ የሚያርፍ ነው፤ ሜሻችን ደግሞ ገጽ የለውም፣ ያለው ሴል ብቻ ነው። ሲኤስኤፍ (ኮንቲንዩም ሰርፌስ ፎርስ) የሚባለው የእነ ብራክቢል ዘዴ ኃይሉን በድንበሩ ዙሪያ ባሉ ሴሎች ላይ ይበትነዋል፤ የሚበትነውም በጉብጠቱ ልክ ነው። ጉብጠት የሚገኘው አልፋን ሁለት ጊዜ ዲፈረንሺየት በማድረግ ነው። አልፋ ግን ከ0 ወደ 1 በአንድ ሁለት ሴል ውስጥ የሚዘል ቁጥር ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሁለት ጊዜ ዲፈረንሺየት ማድረግ ስህተትን ማጉላት ነው። የጉብጠቱ ስህተት ወደ ኃይል ይለወጣል፣ ግፊቱ ሊያመጣጥነው አይችልም፣ የተረፈው ኃይል ፈሳሹን ይገፋዋል። እውነተኛ ያልሆነ ሽክርክሪት ጠብታዋን ከብቦ ይነሣል። እኛ ጥገኛ ፍሰት እንለዋለን።

ፋይሉን ስታዘጋጁ

ሜሹን በተቻለ መጠን እኩል ጎን ካላቸው ኪዩቦች ሥሩ። ግድግዳ ዳር የተጠጋጉ ቀጫጭን ሴሎች ለአንድ ፈሳሽ ፍሰት መልካም ናቸው፤ ድንበር የሚያልፍባቸው ከሆነ ግን ጉብጠቱን ያበላሹታል። በጠብታ ዲያሜትር ላይ ከ20 ሴል በታች ይዞ ስለ ቅርጽ ማውራት አልወድም።

ወጪ ለመቀነስ ሁለት አቅጣጫ ብቻ ማስላት ያጓጓል። አስታውሱ፤ በሁለት አቅጣጫ ያለች «ጠብታ» ማለቂያ የሌላት ሲሊንደር ናት። የውስጥ ግፊቷ በግማሽ ያነሰ ነው፤ ቀጭን የፈሳሽ ክር ወደ ጠብታ የሚበጣጠስበት የሬይሊና የፕላቶ አለመረጋጋትም እዚያ ዓለም ውስጥ የለም። ችግራችሁ በአንድ ዘንግ ዙሪያ ተመሳሳይ ከሆነ ከ5 ዲግሪ ያልበለጠ ስንጥቅ ወስዳችሁ ዊጅ በሚባለው የዳር ሁኔታ አስሉ፤ ዋጋው የሁለት አቅጣጫ ነው፣ ፊዚክሱ የሦስት።

ኢንተርፎም ዝልግልግነትን የሚጠይቀው በእፍግታ ተካፍሎ ነው፤ ካይነማቲክ ቪስኮሲቲ። ይህች ነጥብ አእምሮን ታደናግራለች፤ ምክንያቱም በዚህ መለኪያ አየር ከውሃ ይበልጣል። የውሃው 0.000001፣ የአየሩ 0.000015 ስኩዌር ሜትር በሰከንድ ነው። «አየር እንዴት ከውሃ ይበልጣል» ብሎ ሁለቱን ቁጥሮች የሚያቀያይር ሰው አይጠፋም። አታቀያይሩ።

የግፊት ፋይሉ ሙሉ ግፊቱን ሳይሆን የፈሳሹ ክብደት የሚፈጥረው ክፍል የተቀነሰለትን ግፊት ነው የሚይዘው። ውጤቱን ስታነቡ የትኛውን እያያችሁ እንደሆነ ለዩ። ከላይ ክፍት የሆነ ዕቃ ከሆነ ለግፊቱ ቶታል ፕሬዠር፣ ለአልፋው ኢንሌት አውትሌት የሚባለውን የዳር ሁኔታ ስጡ፤ ወደ ውስጥ የሚመለስ ነገር ካለ አየር እንጂ ውሃ እንዳይሆን ቁጥሩን በጥንቃቄ ምረጡ።

የስሌቱ ሂደት ከሚታዘዝበት ከኮንትሮልዲክት ፋይል አንድ መስመር አትርሱ። ኢንተርፎም የጊዜ እርምጃውን በኩራንት ቁጥር ራሱ ያስተካክላል፤ የካፒላሪውን ገደብ ግን አያሰላላችሁም። ስለዚህ ትልቁ የሚፈቀደው እርምጃ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ቅድም በወረቀት ያገኘነውን 0.00015 ወይም ከዚያ ያነሰ ቁጥር በእጃችሁ ጻፉ። ጠብታዋ ገና ሳትንቀሳቀስ ፍጥነት የለም፣ ኩራንትም ዜሮ ነው፤ ልጓም ካልተደረገለት እርምጃው ዝም ብሎ ያድጋል።

ሦስቱ ፈተናዎች

አንደኛው ፈተና እጅግ ቀላል ነው። ጠብታ የለም፤ ዕቃውን እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉት፣ ከላይ አየር፣ ስበት አለ። አስኪዱት። ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። ከተንቀሳቀሰ የዳር ሁኔታችሁ ወይም የስበት አቅጣጫችሁ ተሳስቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክፍት ዳር ነው ተጠያቂው።

ሁለተኛው ፈተና የዚህ ጽሑፍ ልብ ነው። ስበቱን ዜሮ አድርጉ፣ የሄክሳዴኬን ጠብታዋን ሴትፊልድስ በሚባለው የኦፕንፎም መሣሪያ ውሃ መሃል አስቀምጡ፣ ልቀቋት። መልሱን ላፕላስ አስቀድሞ ሰጥቶናል፤ የውስጡ ግፊት ከውጪው የሚበልጠው በሁለት ሲግማ ለራዲየስ ነው። ራዲየሷ 2 ሚሊሜትር ስለሆነ 53 ፓስካል። በሁለት አቅጣጫ ብቻ ካሰላችሁ 26.5። ፍጥነቱ ደግሞ በየትም ቦታ ዜሮ መሆን አለበት። ጠብታዋ በራሷ የምትርገበገብበት ጊዜ 0.035 ሰከንድ ያህል ስለሆነ፣ የዚያን አሥር እጥፍ ያህል ብታስኬዷት በቂ ነው።

አሁን ሁለት ቁጥር አውጡ። የግፊት ልዩነቱ ከ53 በጥቂት ፐርሰንት ቢለይ አልከፋም። ዋናው ሁለተኛው ነው፦ በመላው ሜሽ ውስጥ የታየው ትልቁ ፍጥነት። በዝልግልግነቱ አባዙትና ለገጽ ውጥረቱ አካፍሉት፤ የጥገኛ ፍሰቱ የካፒላሪ ቁጥር ይህ ነው። አንድ ሺህኛ መጣላችሁ እንበል። ትንሽ ይመስላል፤ እንግዲህ ወደ ፍጥነት መልሱት። ለዚህ ጥንድ ፈሳሽ ሲግማ ሲካፈል ለውሃው ዝልግልግነት 53 ሜትር በሰከንድ ነው፤ የዚያ አንድ ሺህኛ 5.3 ሴንቲሜትር በሰከንድ ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ የለጠፋችሁትን ግምት እዩት፤ ጠብታዋ በእውነት የምትወጣው በ10 እና በ15 መካከል ነው። ስለዚህ ከፍጥነቱ ሲሶው ወይም ግማሹ ኮምፒውተሩ የፈለሰፈው ይሆናል ማለት ነው፤ እንዲህ ባለ ሜሽ የፍሰት መስመር ስሎ ማሳየት ተረት መናገር ነው።

የተለመደው ምላሽ «ሜሹን ላጥራው» ነው። እዚህ ቦታ ላይ አይሠራም። በመደበኛው ሲኤስኤፍ የጉብጠቱ ስህተት ከሜሹ ጋር ስለማይቀንስ ጥገኛ ፍሰቱ ባለበት ይቆያል፤ አንዳንዴም ይብሳል። ማድረግ የምትችሉት ሌላ ነው። የድንበር ማጥበቂያው ቁጥር ከ1 በላይ ከሆነ ወደ 1 መልሱት፤ ድንበሩን ስለታም ለማድረግ ሲሉ ከፍ የሚያደርጉት ሰዎች ድንበሩን ያሸበሽቡታል፣ ጉብጠቱም አብሮ ይሸበሸባል። ሮንቢ፣ ብሬድሞዝና ያሳክ በ2016 ያወጡት አይሶአድቬክተር፣ ማለትም ኢንተርአይሶፎም ውስጥ ያለው፣ ድንበሩን በጣም ያሳምረዋል፤ ግን ማጓጓዙን እንጂ ጉብጠቱን በራሱ አያስተካክልም። ጉብጠቱ ራሱ ካስቸገራችሁ ወደ ባሲሊስክ ሂዱ። እዚያ ጉብጠት የሚሰላው በሃይት ፈንክሽን ነው፤ በድንበሩ ዙሪያ ያሉ ሴሎች በአምድ ተደምረው የገጹ ከፍታ ይገኛል፣ ዲፈረንሺየት የሚደረገው ያ ከፍታ ነው። ኃይሉና ግፊቱም በአንድ ዓይነት መንገድ ስለሚሰሉ ይመጣጠናሉ። ፖፒኔ በ2009 እንዳሳየው፣ ጠብታዋ ለመረጋጋት በቂ ጊዜ ካገኘች ጥገኛ ፍሰቱ ኮምፒውተሩ እስከሚለየው ጥቃቅን ቁጥር ድረስ ይወርዳል።

ሦስተኛው ፈተና የምትወጣ አረፋ ናት። ሃይሲንግና ባልደረቦቹ በ2009 ለዚህ ብለው ያዘጋጁት የሁለት አቅጣጫ ፈተና አለ። 1 በ2 በሆነ ሳጥን ውስጥ ራዲየሷ 0.25 የሆነች አረፋ፤ እፍግታ 1000 እና 100፣ ዝልግልግነት 10 እና 1፣ ስበት 0.98፣ የገጽ ውጥረት 24.5። ትልቁ የመውጫ ፍጥነት 0.24 አካባቢ መሆን አለበት፤ በጊዜ 3 ላይ የአረፋዋ ማዕከል 1.08 ከፍታ አካባቢ ይገኛል። አንድ ነገር ልጠቁም፦ በዚህ ፈተና 10ን ለ1000፣ 1ን ለ100 ብታካፍሉ ሁለቱም 0.01 ይሰጣሉ። ስለዚህ የሁለቱን ካይነማቲክ ቪስኮሲቲ ያቀያየረ ሰው በዚህ ፈተና አይያዝም፤ በደስታ ያልፋል። እሱን የሚይዘው ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ እፍግታ 1000 እና 1፣ ዝልግልግነት 10 እና 0.1፣ የገጽ ውጥረት 1.96። ያኛው ደግሞ አረፋዋ ቀጫጭን ጭራ የምታወጣበት ነው፤ የተለያዩ ኮዶች ስለ ጭራው መበጠስ አልተስማሙም፣ እናንተም በዚያ ላይ እንቅልፍ አትጡ።

የራሳችሁን ስታስኬዱ

ፈተናዎቹ ካለፉ ስበቱን መልሱና ጠብታዋን ልቀቁ። ስክሪኑ ላይ ከሚሮጠው ጽሑፍ ሁለት ነገር ተከታተሉ። አንዱ የአልፋ ትንሹና ትልቁ ቁጥር ነው፤ ከ0 በታች ወይም ከ1 በላይ በሚሊዮንኛ ቢወጣ ችግር የለም፣ በመቶኛ ከወጣ አቁሙት። ሌላው የአልፋ ጠቅላላ ድምር ነው፤ ምንም በማይገባበትና በማይወጣበት ዕቃ ውስጥ ይህ ቁጥር መቆም አለበት። ቪዲዮ ከመሥራታችሁ በፊት የጠብታዋን ማዕከል ከጊዜ ጋር በግራፍ አውጡ፤ ዓይን በቀለም ይታለላል፣ መስመር ግን ያጋልጣል።

ሦስተኛው ፈሳሽ ሲመጣ

ጠብታዋ የውሃውን ገጽ ነካች። አሁን ውሃ፣ ሄክሳዴኬንና አየር በአንድ መስመር ላይ ይገናኛሉ፣ ሦስት የገጽ ውጥረቶችም አሉን፦ ውሃና አየር 72፣ ሄክሳዴኬንና አየር 27፣ ውሃና ሄክሳዴኬን 53፣ ሁሉም በሚሊኒውተን በሜትር፣ በግርድፉ። ጠብታዋ ትዘረጋለች ወይስ እንደ ምስር ክክ ተንሳፋ ትቀራለች? ከ72 ላይ 27 እና 53 ቀንሱ፤ ነጌቲቭ 8 ነው። አትዘረጋም። ሲሙሌሽናችሁ ስስ ሽፋን አድርጎ ከዘረጋት ከሦስቱ የገጽ ውጥረቶች አንዱን ለተሳሳተ ጥንድ አስገብታችኋል።

ብዙ ኮዶች የጥንዶቹን ቁጥር ለእያንዳንዱ ፈሳሽ ይከፋፍላሉ። ለሄክሳዴኬኑ የሚደርሰው፣ እሱ ያለባቸውን ሁለት ጥንዶች ደምሮ ሦስተኛውን ቀንሶ ለሁለት ማካፈል ነው፤ 27 ሲደመር 53 ሲቀነስ 72፣ ለሁለት ሲካፈል 4። ለውሃው 49፣ ለአየሩ 23 ይደርሳል። ሦስቱም ፖዚቲቭ ስለሆኑ ስሌቱ ጤነኛ ነው። በውሃ ላይ የሚዘረጋ ዘይት ቢሆን ግን የዘይቱ ድርሻ ነጌቲቭ ይወጣል። ነጌቲቭ የገጽ ውጥረት ያለው ፈሳሽ ድንበሩን ያለ ገደብ ማስፋት ይፈልጋል፤ ኮዱም ይተራመሳል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ሰዓት ከማቃጠላችሁ በፊት ይህን ክፍፍል በወረቀት ሥሩት፤ ነጌቲቭ ከመጣ ያንን የሚያስተናግድ ዘዴ ፈልጉ።

በየሴሉ የሦስቱ አልፋ ድምር 1 መሆኑንም በፓራቪው አንድ ጊዜ አረጋግጡ። ከሁለት በላይ ፈሳሾችን የሚያሰላውን መልቲፌዝ ኢንተርፎምን ስትጠቀሙ ስህተቱ ካለ የሚታየው ሦስቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው።

ሪፖርት ውስጥ የማላስገባቸው

ሁለት ጠብታ ሲገናኙ በመካከላቸው ስስ የውሃ ሽፋን ይቀራል፤ በእውነተኛው ዓለም ያ ሽፋን ከሚሊሜትር አሥር ሺህኛ እስከሚያንስ ድረስ ሳስቶ ነው የሚቀደደው። በቪኦኤፍ ግን ሁለት ድንበሮች አንድ ሴል ውስጥ ሲገቡ ወዲያው ይዋሃዳሉ። የእኛ ሴል 0.2 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ መቼ ተዋሃዱ፣ ስንት ጠብታ ተረፈ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሜሹ ነው፤ ሜሹን ስትቀይሩ መልሱም ይቀየራል። የጠብታ ብዛት ግራፍ ይዞ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው በሁለት ሜሽ የተሰላ መሆኑን ነው።

ድንበሩ በደረቅ ግድግዳ ላይ ሲንሸራተትም እንደዚሁ ነው። ሁ እና ስክሪቨን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1971 እንዳሳዩት፣ ፈሳሹ ግድግዳው ላይ ፈጽሞ አይንሸራተትም ካልን በመገናኛው መስመር ላይ ያለው ጫና መጨረሻ የለውም። ኮዳችሁ የማይፈነዳው የሴሉ ስፋት በስውር እንዲንሸራተት ስለሚያደርገው ነው፤ የመገናኛው መስመር ፍጥነትም በሴሉ ስፋት ይወሰናል። የሚንሸራተትበትን ርዝመት ራሳችሁ ወስናችሁ አስገቡ፣ የግንኙነት ማዕዘኑን ከሙከራ ከተለካ ቁጥር ውሰዱ፣ ሁለቱንም ከሴሉ ስፋትና ከቆመችው ጠብታ የጥገኛ ፍሰት ቁጥር ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ጻፏቸው።